የጸጥታው ምክር ቤት ለደሴ ልጅ ምኑ ነው? ክሩ (የመድረኩ ውይይት) ከነመልሶቹ

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ ጥቂት ወጣቶች ነን። ገሚሶቻችን ተመርቀን ሥራ እየፈለግን ነው። ገሚሶቻችን ገና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ስለ ዓለም ጉዳይ እናስተምራለን። የተባበሩት መንግሥታት ምን ይሠራል፣ ብሪክስ የሚባለው የአገሮች ስብስብ ውስጥ ገባን ሲባል ምን አገኘን፣ ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ እዚህ ዘይት ለምን ተወደደ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። አበል የለም። ክፍሉን አንድ ትምህርት ቤት ለቆልናል፤ ማርከሩን የምንገዛው አዋጥተን ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ወንበር አይበቃም ነበር። አሁን የሚሞላው የፊት ረድፍ ብቻ ነው። ከመሃላችን፣ ልጆቹ ፍላጎት የላቸውም የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። እነዚሁ ልጆች ቲክቶክ ላይ ስለ ጋዛና ስለ ቀይ ባሕር ሲከራከሩ ነው የሚያመሹት። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ምን ብናስተምር፣ እንዴት ብናስተምር ይመለሳሉ? ወይስ ሥራ አጥ በሞላበት ከተማ ነገሩ ራሱ ቅንጦት ነው?

መልሶቹ

ክሩ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች መልሶቹን በየተራቸው እዚህ አስቀምጣለሁ። ቃል በቃል አይደለም፤ እኔ እንደገባኝ ነው። አልተባለም የሚል ካለ ያርመኝ።

ቁጥር 1። የመጀመሪያዋ መላሽ መምህርት ናት። በጨዋነት አመሰገነችንና አንድ ነገር ብቻ ጠቆመች፦ ልጆቹን ቅዳሜ ከመጠበቅ በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ግቡ። በእረፍት ሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል ስለ አንድ ዜና ብቻ ብትናገሩ ግቢው በሙሉ ይሰማል አለች። ጥሩ ሐሳብ ነው። ድምፅ ማጉያው የሚሠራበት ትምህርት ቤት ከተገኘ ማለቴ ነው።

ቁጥር 2። በርቱ ብሎ አልፏል። እንዲህ ያለ መልስ የትም ክር ላይ አይጠፋም።

ቁጥር 3። እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። ጸሐፊው በጎ ፈቃድ ማለት የሚታይ ሥራ ነው ባይ ነው። በክረምት የአቅመ ደካማ ቤት ማደስ፣ ደም መለገስ፣ ችግኝ መትከል። እናንተ ግን ታወራላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ሰርተፍኬት ታትማላችሁ አለን። ዲግሪ ይዞ ቁጭ ያለ ልጅ ስለ ኒውዮርክ ስብሰባ ማወቁ ምን ይጠቅመዋል ሲልም ጨመረበት። ሰርተፍኬት አትመን አናውቅም። የቀረው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ እኔም መነሻው ላይ የጠየቅኩት እሱኑ ነው።

ቁጥር 4። ለ3 መልስ የሰጡት አንድ አባት ናቸው። በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር የወረዱ ተማሪ ነበሩ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ነው የዘመተው። የእሳቸው ሥራ ፊደል ማስቆጠርና አዲሱን የመሬት አዋጅ ለገበሬው ማስረዳት ነበር። ማስረዳት ወሬ ነው የሚል ሰው መሬቱ የራሱ መሆኑ የተነገረውን ገበሬ ፊት አላየም አሉ። ደስ የሚል አጻጻፍ አላቸው።

ቁጥር 5 እና 6። ወዲያው አንዱ ተነሳና ያ በጎ ፈቃድ እንዳልነበር አስታወሳቸው። ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱንም መቀጠል፣ ሥራም ማግኘት አይችልም ነበር። አባታችን አልተከራከሩም። እውነት ነው ብለው ተቀበሉና፣ በ1971 የጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አነሱ፤ ያኛውን ዩኔስኮም ሸልሞታል አሉ። 5ኛው አሁንም አለቀቃቸውም፦ ቀበሌ ስም እየጠራ ያስገባው ትምህርት ነው ሲል መለሰ። እኔ ከዚህ ክርክር የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው። የኛ ልጆች በራሳቸው ፈቃድ ነው የሚመጡት። ለዚህም ነው መቅረት የሚችሉት።

ቁጥር 7። ሞዴል ዩኤን፣ ማለትም ተማሪዎች የየአገሩ ተወካይ ሆነው የተመድን ስብሰባ የሚያስመስሉበት ክርክር ላይ የተሳተፈ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ኖርዌይን ወክሎ ተከራክሯል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ልጆቹ ሱፍ ለብሰው የየአገሩን ስም ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይቀመጡ፣ ውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያስገኘው እሱ ነው አለ። ኢትዮጵያ ከተመድ በፊት የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ነው፣ በጸጥታው ምክር ቤትም አንድ ጊዜ ተቀምጣለች የሚል መረጃም አክሏል።

ቁጥር 8። እርማት። 1923 የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ መስከረም 1916 ነው። በጸጥታው ምክር ቤትም አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ ነው ተለዋጭ አባል የሆንነው፦ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1968፣ ከ1989 እስከ 1990፣ ከ2017 እስከ 2018። ማንም ይሁን ማን፣ ይህ ሰው በየክሩ ዓመተ ምሕረት እያረመ ነው የሚኖረው። እግዜር ይስጠው።

ቁጥር 9። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ በ7 ላይ ሳቀች። ኖርዌይን ወክለህ ስትከራከር ኮምቦልቻ መገንጠያ ላይ የሚቆመው ተሳቢ ሁሉ ከየት እንደሚመጣ ታውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ልጁ ተቀየመ። እኔ በዚህ ላይ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ እሰጣለሁ። ሞዴል ዩኤን አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል፦ የራስህ ያልሆነን አቋም አጥንተህ፣ ሳትሳደብ መከራከር። ይህ ደግሞ እኛ ጋ ብርቅ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን ግን ሦስት ልጆች ይናገራሉ፣ ሌላው ያጨበጭባል። ቅዳሜ የሚቀሩትም የሚያጨበጭቡት ናቸው።

ቁጥር 10። የ9ኛዋ ጥያቄ ያልታሰበ ሰው አመጣ። ጋሼ ከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ የኮምቦልቻ ነዋሪ። በልጅነታቸው የአሰብ መስመር ረዳት ነበሩ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውረድ፣ ከዚያ ሚሌ፣ ከዚያ አሰብ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ቆመ። አሁን ሚሌን አልፈው በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ነው የሚጭኑት። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በዚያ ወደብ ነው የሚያልፈው።

ጋሼ ስለ ተመድ አንድም አልጻፉም። ስለ ጭነት ነው የጻፉት። መጋቢት 2013 ላይ 400 ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ ስዊዝ ቦይ ውስጥ ተሰንቅሮ መንገዱን ለ6 ቀን ሲዘጋ፣ እሳቸው ነገሩን የሰሙት ጅቡቲ ወረፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከኅዳር 2016 ጀምሮ ደግሞ የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መምታት ጀመሩ። ብዙ የመርከብ ድርጅቶች የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ የሆነውን ባብ ኤል መንደብን ትተው ደቡብ አፍሪካን መዞር ያዙ። ኮንቴነሩ ሲዘገይ ሹፌሩ ይቀመጣል፤ ሹፌሩ ሲቀመጥ ቤቱ ይጎላል። እዚያው ጅቡቲ ሻይ ቤት ውስጥ የቀይ ባሕርን ነገር ከየአገሩ ሹፌር ጋር እንደሚተነትኑት ጻፉና፣ ልጆቹን ለእኔ ላኩልኝ ብለው ቀልደው ዘጉ።

ቁጥር 11። የሕግ ተማሪ ነኝ የሚል ሰው ከጋሼ ቀጠለ። የርእሱን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰው እሱ ይመስለኛል። ጥር 2016 የጸጥታው ምክር ቤት ሁቲዎች ጥቃቱን እንዲያቆሙ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ፤ ቁጥሩ 2722 ነው። 11 አገሮች ደገፉ፤ 4ቱ፣ ማለትም ሩሲያ፣ ቻይና፣ አልጄሪያና ሞዛምቢክ ድምፅ ተዓቀቡ። የመሻር መብት ያላቸው ሩሲያ ወይም ቻይና እጃቸውን ለተቃውሞ ቢያወጡ ኖሮ ውሳኔው ይወድቅ ነበር። አላወጡም። ጥቃቱም አልቆመም። ልጆቹ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ይማሩ አለ፦ ድምፅን በድምፅ መሻር እንዴት እንደሚሠራ፣ ውሳኔ ወጣ ማለት ደግሞ ነገሩ ተፈጸመ ማለት እንዳልሆነ። የጋሼን ጭነት ይዞ ነው ይህን ሁሉ ያስረዳው። እኛ ስለ ምክር ቤቱ ስናስተምር ከአባላቱ ቁጥር ነበር የምንነሳው።

ቁጥር 12። የታሪክ መምህር ናቸው። ክሩ ላይ እስካሁን ብዙ ምስጋና ያገኘው የእሳቸው ጽሑፍ ነው፤ ይገባዋልም። የደሴ ልጅ ዓለምን ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለበትም፣ ዓለም ራሱ ደሴ መጥቶ ያውቃል አሉ። በ1928 ጣሊያን ሲወርረን ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ አደረጉ። የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ተከትለው መጡ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማውን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው የተነሱት ፎቶ የዓለምን ጋዜጦች ዞረ። በዚያ ሳምንት የደሴን ስም ያልጠራ ትልቅ ጋዜጣ ብዙ አልነበረም።

ከዚያ መምህሩ ወደ ስዊዝ ተመለሱ። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ነዳጅን ግን አልጨመረም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከብ አልተዘጋም። ወታደሩም ቦምቡም ያለፈው በዚያ ነው። የጋሼ ጭነት የሚያልፍበት ያው ቦይ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ንግግር አደረጉ። ማኅበሩ ሰማቸው፣ ማዕቀቡን ግን በሚቀጥለው ወር አነሳ። መምህሩ ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ፣ ልጆቹን ክፍል ውስጥ ከምታስቀምጧቸው አይጠየፍ በሚባለው የንጉሥ ሚካኤል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ሰብስባችሁ ከተማዋን ቁልቁል እያሳያችሁ ንገሯቸው አሉ። ይህን እናደርገዋለን።

ከ13 እስከ 18። ክሩ ወደ ኳስ ሄደ። ጥፋተኛው 13ኛው ነው፤ ክፉ ሐሳብ ግን አላመጣም። ልጆቹ ዓለምን የሚያውቁት በዲኤስቲቪ ቤት ነው፤ አርሴናል እጅጌው ላይ ሩዋንዳን ጎብኙ የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ለዓመታት ሲጫወት አይተዋል። አንድ ትንሽ የአፍሪካ አገር ለለንደን ክለብ ለምን ይከፍላል ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይከራከራሉ አለ። ብልህ ነው። ግን አርሴናል የሚለውን ቃል ባየ ጊዜ 14ኛው ስለ ዋንጫ አነሳ፤ 15ኛው ማንቸስተር ነው፤ ከዚያ እስከ 18 ድረስ ያለውን አልደግመውም። 17ኛው ላይ ብቻ አንድ ቁም ነገር አለ፦ ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ ባለው ጦርነት የሩዋንዳ ስም ሲነሳ ስለዚያ ማስታወቂያ አውሮፓ ውስጥ ተቃውሞ እንደነበር አስታውሷል። ስድቡ መሃል ስለተቀበረ ማንም አላየውም።

ቁጥር 19። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። ኳሱን አቁሙ ብላ ገባች። ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ አጎዋ የሚባለውን ነገር ማንም አላስረዳንም አለች። ልብሱ አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንደሚገባ፣ ያ ዕድል ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ፊርማ እንደሚነሳ አታውቅም ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። እሷና ጓደኞቿ ወሬውን የሰሙት ከሥራ ከተቀነሱ በኋላ ነው።

ቁጥር 20። ነገሩን ሁሉ በአጎዋ አታሳብቡ የሚል እርማት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ፓርኩ በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበት ሥራ አቁሞ ነበር፤ ሁለቱ ተደራርበው ነው የመጡት። 19ኛዋ ተስማማች። አንድን ነገር በአንድ ምክንያት ብቻ አለማስረዳት ለልጆቹም የሚበጅ ልምድ ነው።

ቁጥር 21። ከሳዑዲ የተመለሰች እህታችን ናት። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሠፈሯ የወጡት አብዛኞቹ በባቲ፣ በአፋር፣ በጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ እንደዚያ ነው የሄዱት። እሷ በአውሮፕላን ነው የሄደችው፣ ቤት ሠራተኛ ሆና። ደላላው ከመሄዷ በፊት ከፋላ (ሠራተኛውን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረው ሥርዓት) ቀርቷል፣ አሁን አሠሪ መቀየር ትችያለሽ ብሎ አሳምኗታል። ዜናው ግማሽ እውነት ነበር። ሳዑዲ በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 2021 ሕጉን አሻሽላለች፤ ማሻሻያው ግን ቤት ሠራተኞችን አይጨምርም። ይህን ያወቀችው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ይህን በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ብላ ተወችው።

ቁጥር 22። የሚያሳፍር መልስ ነው። ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ለስደት ልታሰለጥኑ ነው ወይ አለ። ሌሎች ሊቆጡት ሲሉ እሷ ራሷ ቀደመች። ደላላው በየሠፈሩ በነፃ እያስተማረ ነው፣ ያውም በደንብ አድርጎ፤ እናንተ ዝም ስትሉ እሱ ዝም አይልም አለችው። 22ኛው ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለም።

ቁጥር 23። ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው፣ ከጀርባችሁ የትኛው ኤምባሲ አለ የሚል ጥርጣሬ። ማርከር በመዋጮ እንደምንገዛ መነሻው ላይ ጽፌያለሁ። ሰው አንብቦ ቢጠረጥር መልካም ነበር።

ከ24 እስከ 27። አንዱ ከባድ ጥያቄ አመጣ። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ሲለቀቁ፣ ሕዝቡ በእግሩ ሲወጣ ይህ ዓለም የምትሉት የት ነበር? 25ኛው ይህ እዚህ አይነሳም አለ። ከዚያ ወደ ስድብ ሄዱ፤ አስተዳዳሪው ሁለት መልስ ሰርዞ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። ስድቡ መሰረዙ ልክ ነው። ጥያቄው ግን ይነሳል። ክፍላችን ውስጥም ልጆቹ ደጋግመው አንስተውታል። የምንመልሰው የሆነውን በመናገር ነው፦ የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ጥቅምት መጨረሻ ተኩስ እንዲቆም የሚጠይቅ መግለጫ አወጣ። የተመድ የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት ታኅሣሥ ላይ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ መንግሥት ተቃወመው፤ በ2016 መጀመሪያ ሥራው ሳይራዘም አበቃ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ፍርድ ለልጆቹ እንተወዋለን። ቤታቸውን ጥለው የወጡት እነሱ ናቸው።

ቁጥር 28። ለምን ኮምቦልቻ ላይ አታደርጉትም የሚል ጥያቄ ነበር፤ ወዲያው የደሴ ብርድ ከኮምቦልቻ ሙቀት የቱ ይሻላል ወደሚለው የዘወትር ጦርነት ተለወጠ። ቁልቁለቱን በጭጋግ መውረድ የማይወድ ሰው ብዙ ነው። አልፌዋለሁ።

ቁጥር 29። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እኛ ጋ ትመጣ የነበረች። ክሩን ሁሉ አንብባ ስታበቃ አጭር ነገር ጻፈች። ቅዳሜ ከሰዓት የማጠናከሪያ ትምህርት ተጀምሯል፤ የ12ኛ ክፍል ልጅ በብሔራዊ ፈተና አይቀልድም። የቀሩት በሙሉ እዚያ ናቸው። ይህን እኛን በአካል ለመንገር ማንም ስላልጠየቃት አልነገረችም። እሑድ ከሰዓት ቢሆን እንደምትመጣ፣ ብሪክስን ግን ባትሰማ ደስ እንደሚላት ጨመረች። የሹፌሩን ነገር ነው የምትፈልገው።

ቁጥር 30። በዚሁ ላይ ተስማምተን ሰዓቱ እሑድ 8 ሰዓት ሆኗል። የመጀመሪያው ቀን ከባቲ እስከ ስዊዝ የሚል ነው፤ መምህሩና የሕግ ተማሪው እሺ ብለዋል። እህታችን በአካል አልመጣም፣ ከፋላ ምን እንደሆነ የሚያስረዳውን አንድ ገጽ ግን ከእናንተ ጋር እጽፈዋለሁ ብላለች። 7ኛው ልጅም ኩርፊያውን ትቶ የድምፅ አሰጣጡን ጨዋታ በአማርኛ አዘጋጃለሁ አለ። 15 ወንበር፣ 5ቱ የመሻር መብት ያላቸው።

ቁጥር 31። ጋሼ። ሎጊያ ላይ ናቸው፤ ጎማ እየጠገኑ ነው የጻፉት። እሑድ ካልደረሱ በሚቀጥለው ይመጣሉ። ቀይ ባሕር በደንብ የሚታይበት ትልቅ ካርታ አላችሁ ወይ ብለው ጠይቀዋል። የለንም። ያለው ሰው ቢያውሰን፣ ወይም ፒያሳ አካባቢ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ እዚሁ ቢጽፍልን።